ስለ ፒካኑ ዛፍና ስለ ሁለት ሳህን ኩኪስ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ ኅዳር 27 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ መሪ ሰፈር፣ የብሎክ 11 የጋራ መጠቀሚያ ቤት፣ ከሥጋ መስቀያው ሥር
የተጠራበት ሰዓት፦ ከቀኑ 8፡00
የተጀመረበት ሰዓት፦ 9፡10 (ምክንያቱ ከታች ተገልጿል)

የተገኙ አባላት
1. አቶ ኃይለ መስቀል፦ ሰብሳቢ፣ በጡረታ የተገለሉ የመዝገብ ቤት ኃላፊ
2. ወ/ሮ መዓዛ፦ ምክትል ሰብሳቢ፣ የታሪክ መምህርት
3. አቶ ግሩም፦ የመኪና ማቆሚያ ጉዳይ ተጠሪ፣ የነጭ ቪትዝ ባለቤት
4. ወ/ሮ ኢልሃም፦ አባል፣ የምድር ቤቱ ሱቅ ባለቤት፤ ደንበኛ ሲመጣ ለመውጣት አስቀድመው ያስፈቀዱ

ያልተገኙ አባላት
5. አቶ ሊሊሳ፦ ለቅሶ
6. ወ/ሮ ቢፍቱ፦ ያለ ምክንያት (በረንዳቸው ላይ ሆነው ስብሰባውን ሲመለከቱ ታይተዋል)
7. ሰባተኛው አባል፦ ማን እንደሆኑ ገና እየተጣራ ነው

በተጋባዥነት የተገኙ
አቶ ኢዶሳ፦ የብሎኩ ነዋሪ፣ ሕንፃው ከመሠራቱ በፊት የዚሁ መሬት ገበሬ
ወ/ት ሶሬቲ፦ የአቶ ኢዶሳ ልጅ፣ አቤቱታ አቅራቢ
አቶ ገላው፦ ዛፍ ቆራጭ፣ ከነሞተር መጋዛቸው በሩ አጠገብ

ጸሐፊ፦ ፌበን፣ ድምፅ የማትሰጥ፣ ባልነበረችበት ስብሰባ የተመረጠች

ምልዓተ ጉባኤ። አባላቱ ሰባት በመሆናቸው ስብሰባ ለማካሄድ አራት ያስፈልጋሉ። እስከ 9፡10 ሦስት ብቻ ስለነበሩ ሰብሳቢው ራሳቸው ሱቁ ድረስ ሄደው ወ/ሮ ኢልሃምን ለምነው አምጥተዋል። የዛሬው ስብሰባ የግድ የሆነበትን ምክንያት ሲያስረዱም፣ በመተዳደሪያ ደንቡ አንቀጽ 9 መሠረት በሠላሳ ቀን ውስጥ ያልጸደቀ ቃለ ጉባኤ እንዳልነበረ እንደሚቆጠር፣ ሠላሳኛው ቀን ዛሬ እንደሆነ፣ አንቀጹን ያረቀቁትም እሳቸው ራሳቸው እንደሆኑ ገልጸዋል። የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ ገልጸዋል።

በተጨማሪም ወቅቱ የነቢያት ጾም በመሆኑ ለስብሰባው የሚቀርበው ሻይ ያለ ወተት እንዲሆን አሳስበዋል። ሻይ አልቀረበም።

አጀንዳ 1፦ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ

ጸሐፊዋ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ አንብባለች። ባለፈው ስብሰባ ከመኪና ማቆሚያው ጥግ ያለው ትልቅ ዛፍ ተቆርጦ በቦታው ሦስት መኪና እንዲቆም ተወስኖ ነበር። አንደኛው ምክንያት፣ የዛፉ ፍሬ እንደ ጠጠር የጠነከረ፣ ሰብሮ ለቀመሰው ደግሞ የሚመር፣ ለሰውም ለከብትም የማይጠቅም መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ይኸው የማይጠቅም ፍሬ ከእንጦጦ የሚወርደው ንፋስ በነካው ቁጥር የአቶ ግሩም ቪትዝ ጣራ ላይ መውደቁ ነው።

አቶ ግሩም ጉዳዩ ክብደቱን እንዳያጣ በማለት ፍሬው ጣራውን ሲመታ በስልካቸው የቀዱትን ድምፅ አሰምተዋል። ድምፁ "ጧ!" የሚል ነው። ወ/ሮ መዓዛ አልሰማሁም በማለታቸው ተደግሟል። ሁሉም ሰምተናል ካሉ በኋላም በአቶ ግሩም ፈቃድ ተደግሟል።

በዚህ ጊዜ አቶ ኢዶሳ እጃቸውን አውጥተው፣ "ዛፉን የተከልኩት እኔ ነኝ። አንድ ነገር ልበል?" ብለዋል። ሰብሳቢውም፣ "አቶ ኢዶሳ፣ እርስዎን እናከብራለን፤ ነገር ግን ተጋባዥ የሚናገረው በአጀንዳ ሁለት ነው" ሲሉ መልሰዋል። አቶ ኢዶሳ እጃቸውን አውርደው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረዋል። በመስኮቱ ዛፉ ይታያል።

ድምፅ ሊሰጥ ሲል ደንበኛ በመምጣቱ ወ/ሮ ኢልሃም ወጥተዋል፤ ምልዓተ ጉባኤውም ፈርሷል። ሰብሳቢው ማንም እንዳይናገር፣ የተነሣ እጅም ባለበት እንዲቆይ አዘዋል። አቶ ግሩም እጃቸው እንደተሰቀለ ቆይተዋል። ወ/ሮ ኢልሃም ሳሙና ሸጠው ሲመለሱ ጉባኤው ከእጁ ላይ ቀጥሏል።

ውሳኔ፦ ከረጅም ውይይት በኋላ ያለፈው ቃለ ጉባኤ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።

ውሳኔው እንደተነበበ አቶ ገላው ተነሥተው መጋዛቸውን አስነሥተዋል። ክፍሉ በጭስ ተሞልቷል። ሰብሳቢው አጀንዳ ሁለት ሳይዘጋ አጀንዳ አንድ ሥራ ላይ ሊውል እንደማይችል እየጮኹ አስረድተዋል። አቶ ገላው መጋዙን አጥፍተው፣ "እኔ እንጦጦ ባሕር ዛፍ ስቆርጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም" ብለው ተቀምጠዋል።

አጀንዳ 2፦ የወ/ት ሶሬቲ አቤቱታ

ወ/ት ሶሬቲ ዛፉ እንዳይቆረጥ አመልክተዋል። ፍሬው ፒካን እንደሚባል፣ ምሬቱ ያለው በቅርፊቱና በአስኳሉ መካከል ባለችው ቡናማ ልጣጭ ውስጥ ብቻ እንደሆነ፣ እሷ በጥንቃቄ ከወጣች አስኳሉ ጣፋጭ እንደሆነ ተናግረዋል። "እኛም ቤት ሃያ ምናምን ዓመት መራራ ነው እያልን ስንጥለው ኖርን" ካሉ በኋላ ሁለት ሳህን በጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋል። በቀዩ ሳህን ያለው በለጋ ቅቤ፣ በሰማያዊው ያለው ለጿሚዎች በዘይት የተጋገረ ሾርትብሬድ የሚባል ኩኪስ እንደሆነ፣ ሁለቱም ውስጥ የዛፉ ፍሬ እንዳለበት አስረድተዋል።

እዚህ ላይ የሁሉም አፍንጫ ወደ ጠረጴዛው ዞሯል። ምክንያቱ ሽታው ነው።

2.1 የኩኪሱ አመጣጥ

ሰብሳቢው፣ መነሻው ያልታወቀ ምግብ በመንግሥትም ሆነ በብሎክ ደረጃ ሊቀመስ እንደማይችል በማሳሰባቸው ወ/ሮ መዓዛ ማብራሪያ ሰጥተዋል። ስኮትላንድ በምትባል ብርዳም አገር ሰዎች የተረፋቸውን የዳቦ ሊጥ ስኳር ነስንሰው ምድጃ ውስጥ ያደርቁት እንደነበር፣ ውሎ አድሮ እርሾውን ትተው በምትኩ ቅቤ ማብዛት እንደጀመሩ፣ ሾርትብሬድም በዚህ መልክ እንደተወለደ ገልጸዋል። በአንዳንድ አካባቢ ሙሽራይቱ ባሏ ቤት ስትገባ ኩኪሱን አናቷ ላይ ይሰብሩት እንደነበርም አክለዋል።

አቶ ግሩም ሙሽራይቱ ተጎድታ እንደሆነ ጠይቀዋል። ወ/ሮ መዓዛ በቂ ቅቤ ያለበት ሾርትብሬድ ጭንቅላት እንደማይጎዳ መልሰዋል። አቶ ግሩም፣ "ቪትዝስ?" ብለዋል። ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ ነው ተብሏል።

ፒካኑን በተመለከተ ዛፉ የአሜሪካ ተወላጅ እንደሆነ፣ ስሙም ከአገሬው ነባር ሕዝቦች ቋንቋ የመጣና "በድንጋይ የሚሰበር" እንደማለት መሆኑን ወ/ሮ መዓዛ አብራርተዋል። ለገበያ የሚሆን መልካም ፍሬ እንዲሰጥ መጀመሪያ አዳቅሎ የተሳካለትም አንድ በባርነት ይሠራ የነበረ አትክልተኛ እንደሆነ ተናግረው ድምፃቸው ተሰብሯል። ወ/ሮ መዓዛ ክፍል ውስጥም እንዲህ ናቸው ይባላል።

ወ/ሮ ኢልሃም፣ "ወሬው ይቆይና አንዱን አቀብሉኝ፤ ሱቁን ከፍቼ ነው የመጣሁት" ብለዋል።

2.2 ቅምሻ

ሰብሳቢው ቅምሻው ከአድልዎ የጸዳ እንዲሆን የሚከተለውን ሥርዓት አቅርበዋል። አቤቱታ አቅራቢዋ ወደ ውጭ ይወጣሉ። ገለልተኛ የሆኑት አቶ ገላው ኩኪሶቹን ወደ ኮሚቴው ሁለት ነጫጭ ሳህኖች ገልብጠው አንዱን "ሀ"፣ ሌላውን "ለ" ይሏቸዋል። የትኛው የትኛው እንደሆነ ለማንም አይናገሩም።

ወ/ሮ መዓዛ፣ "ጾም ላይ ነን እኮ፤ እንዴት ሳናውቅ እንቀምሳለን?" ብለው ጠይቀዋል። ሰብሳቢው ፈገግ ብለው፣ "ስድሳ ዓመት ሙሉ የጾምኩ ሰው ነኝ። ቅቤ ከእኔ አፍንጫ አያመልጥም" ሲሉ አረጋግጠዋል። ጉባኤው በሰብሳቢው አፍንጫ ላይ ያለውን እምነት በሙሉ ድምፅ ገልጿል።

ሰብሳቢው ሁለቱንም ሳህን አሽትተው "ሀ" የቅቤው፣ "ለ" የጾሙ እንደሆነ ወስነዋል። አቶ ገላው እጃቸውን አውጥተው፣ "አንድ ነገር ልናገር" ቢሉም ምስጢር እንዲጠብቁ የተመደቡ መሆናቸው ተነግሯቸው እጃቸውን አውርደዋል። ስለሆነም ጾሙ የማይመለከታቸው ወ/ሮ ኢልሃም "ሀ"ን፣ ሌሎቹ "ለ"ን ቀምሰዋል።

የቅምሻው ውጤት እንደሚከተለው ነው። ወ/ሮ ኢልሃም "ሀ" ጥሩ እንደሆነ፣ ግን ትንሽ እንደሚደርቅ ተናግረዋል። ወ/ሮ መዓዛ ስለ "ለ" ለመናገር ሦስት ጊዜ ሞክረው አፋቸው ሙሉ በመሆኑ አልቻሉም። አቶ ግሩም ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ሰብሳቢው አንዱን ነክሰው፣ "አፍ ላይ ሳታኝከው ይበተናል! ሟሟ! ፍሬው ደግሞ ኋላ መጥቶ ከች!" ካሉ በኋላ ይህ አገላለጽ ለሰብሳቢ የማይመጥን በመሆኑ ከቃለ ጉባኤው እንዲወጣ አዘዋል። በትእዛዙ መሠረት እንዲወጣ የተባለው አገላለጽ ይኸው ነው።

ሰብሳቢው በመቀጠል በጾም የተሠራ ነገር ይህን ያህል መጣፈጡ የጾምን በረከት እንደሚያሳይ አስተምረው ሌላ አንሥተዋል። እያስተማሩም ደጋግመው አንሥተዋል።

ሁሉም ሲቀምስ ጸሐፊዋ ትጽፍ ነበር። ይህ ይመዝገብልኝ።

2.3 የቀረቡ ሐሳቦች

አቶ ግሩም በቪትዛቸው ጣራ ላይ የሚወድቀው ፍሬ በሙሉ የእሳቸው ንብረት እንዲሆን ጠይቀዋል። ወ/ሮ ኢልሃም፣ ይህ ከሆነ ሁሉም ሰው መኪናውን ከዛፉ ሥር ማቆም ይፈልጋል ብለዋል። አቶ ግሩም ትንሽ አስበው ከዛፉ ሥር ያለው ቦታ በቋሚነት ለእሳቸው እንዲሰጥ ሐሳብ አቅርበዋል። ሰብሳቢው ዛፉ ሊቆረጥ የተወሰነበት መሆኑን አስታውሰዋል። አቶ ግሩም፣ "እሱማ ይቆረጣል፤ እኔ የምለው ስለ ፍሬው ነው" ሲሉ አብራርተዋል። ይህን የሰማው ጉባኤ ልዩነቱ ገብቶት ራሱን ነቅንቋል።

ሰብሳቢው ኩኪሱ በየዓመቱ በገና ጾም በብሎኩ ስም እንዲጋገር፣ ስያሜውም "የብሎክ 11 የጾም ኩኪስ" እንዲሆን ጠይቀዋል። በዚህ መሐል ደንበኛ መጥቶ ወ/ሮ ኢልሃም በመውጣታቸው ጉባኤው እንዳለ ቆሟል። ሰብሳቢው ማኘክ በስብሰባ ሥርዓት ንግግር ነው አይደለም የሚለውን ለማየት ደንቡን አገላብጠዋል፤ ደንቡ ዝም ብሏል። ወ/ሮ ኢልሃም እስኪመለሱ ማኘኩ ቀጥሏል።

2.4 የአቶ ኢዶሳ አስተያየት

ወ/ት ሶሬቲ ከውጭ ተጠርተው ገብተው፣ "አባዬ ይናገር፤ አጀንዳ ሁለት ላይ ነን" ብለዋል። አቶ ኢዶሳ ብድግ ብለው የሚከተለውን ተናግረዋል፤ ጸሐፊዋ አንድም ቃል አልቀነሰችም።

"ድሮ ቀበና ወተት የማቀብላቸው አንዲት ፈረንጅ ነበሩ። እሳቸው ናቸው ችግኙን የሰጡኝ። ምን እንደሚያፈራ ሳይነግሩኝ አገራቸው ገቡ። እኔም ድንበሬ ላይ ተከልኩት። ከሱ ወዲህ የኔ፣ ከሱ ወዲያ የጎረቤቴ ነበር። አሁን ወዲህም ወዲያም ፎቅ ነው። ጠዋት ስነሣ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ከሱ ተነሥቼ ነው ቤቴ እዚያ ጋ ነበር፣ ጤፌ እዚህ ጋ ነበር የምለው። እሱ ከሌለ የት እንዳለሁ አላውቅም።"

ሰብሳቢው አቶ ኢዶሳ አስተያየታቸውን ከኮሚቴው ሥልጣን ጋር እንዲያያይዙ ጠይቀዋል። አቶ ኢዶሳም፣ "አሁን የተቀመጣችሁበት የበሬዎቼ በረት ነበር" ብለዋል።

ጉባኤው በዚህ አስተያየት ላይ ሳይወያይ አልፏል።

ውሳኔ፦ ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ዛፉ ዛሬውኑ ይቆረጣል። ኩኪሱ ከዛፉ ፍሬ በየዓመቱ መጋገሩን ይቀጥላል።

ወ/ት ሶሬቲ፣ "ዛፉ ከተቆረጠ ፍሬው ከየት ይመጣል?" ብለው ጠይቀዋል። ጥያቄው ቴክኒካዊ በመሆኑ ለባለሙያ እንዲመራ ተወስኗል። ወ/ት ሶሬቲ አባታቸው አጠገብ ሄደው እጃቸውን ይዘው ቆመዋል። ጸሐፊዋ ለትንሽ ጊዜ አልጻፈችም፤ ብዕሯ ችግር አልነበረበትም።

አቶ ገላው አጀንዳ ሁለት ተዘግቶ እንደሆነ ጠይቀው፣ መዘጋቱ ሲነገራቸው መጋዛቸውን አንሥተዋል። ሰብሳቢው "ልዩ ልዩ" የቀረ መሆኑን ገልጸውላቸዋል።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ሰብሳቢው ለወ/ት ሶሬቲ ምስጋና አቅርበው የ"ለ" ሳህን አሠራር ለመጪዎቹ አጽዋማት እንዲጠቅም በቃለ ጉባኤው ላይ እንዲሰፍር ጸሐፊዋን አዘዋል። ወ/ት ሶሬቲ፣ "'ለ' የትኛው ነው?" ብለዋል። ሰብሳቢው፣ "የጾሙ ነዋ" ብለዋል። ወ/ት ሶሬቲ ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት እያሉ ማስጻፍ ሲጀምሩ አቶ ገላው ከበሩ አጠገብ፣

"'ለ' የቅቤው ነው" ብለዋል። "ቅድም ልናገር ስል ምስጢር ጠብቅ አላችሁኝ።"

ጸሐፊዋ ቀጥሎ የሆነውን በተቻላት መጠን መዝግባለች። ሰብሳቢው እጃቸው ላይ የቀረውን ግማሽ ኩኪስ አይተው፣ ሳህኑን አይተው፣ ሳህኑ ባዶ መሆኑን አይተዋል። ወ/ሮ መዓዛ "እሰይ! አፍንጫዎን እመኑ!" ብለው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነዋል፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። አቶ ግሩም እኔ የቀመስኩት ትንሽ ነው ብለዋል። ወ/ሮ ኢልሃም ስንት እንደሆነ አይቻለሁ ብለዋል። በረንዳ ላይ ያሉት ወ/ሮ ቢፍቱ፣ "እኔም አይቻለሁ!" ሲሉ ከላይ ተሰምተዋል። በዚህ ጊዜ ወ/ሮ ኢልሃም ሳቃቸው አምልጧቸው፣ ጉባኤው በሙሉ ጠረጴዛ እየመታ ስቋል። ከሰብሳቢው በስተቀር።

ሰብሳቢው ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቀው አስቸኳይ ሐሳብ አቅርበዋል። በሐሳቡም መሠረት ዛሬ ስብሰባ ከተካሄደ በስብሰባው ላይ ቅምሻ ተካሂዷል፤ ቅምሻ ከተካሄደ ደግሞ የብሎክ 11 ሰብሳቢ በነቢያት ጾም ቅቤ በልቷል ማለት ነው። ስለዚህ ዛሬ ስብሰባ አልተካሄደም እንዲባል ጠይቀዋል። ወ/ሮ ኢልሃም ጾሙ እንደማይመለከታቸው፣ ነገር ግን ለጎረቤት ሲሉ እንዳልመጡ ለመቆጠር ፈቃደኛ መሆናቸውን ገልጸዋል።

ወ/ሮ መዓዛ ቀስ ብለው፣ "እንግዲህ ዛሬ ካልተሰበሰብን ያለፈው ቃለ ጉባኤም አልጸደቀም። ሠላሳኛው ቀን ደግሞ ዛሬ ነው" ብለዋል። ሰብሳቢው አንቀጽ 9ን አውጥተው አንብበዋል። መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና አንብበዋል። አንቀጹ በጣም በጥራት የተረቀቀ ነው።

አቶ ግሩም፣ "ዛፉስ?" ብለዋል።

ሰብሳቢው፣ "የምን ዛፍ? እኔ ዛሬ ቤቴ ነኝ" ብለዋል።

አቶ ግሩም በመስኮቱ ቪትዛቸውን፣ ከዚያ ዛፉን፣ ከዚያ አቶ ኢዶሳን ተመልክተዋል። ከንፈራቸው ላይ የቀረውን ፍርፋሪ ልሰው እጃቸውን አውጥተዋል።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ዛሬ በብሎክ 11 ስብሰባ እንዳልተካሄደ፣ ማንም ምንም እንዳልቀመሰ፣ በዛሬው ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ፣ ባለፈው ስብሰባ የተወሰነውም በአንቀጽ 9 መሠረት እንዳልነበረ እንዲቆጠር በተገኙት አባላት ሙሉ ድምፅ ተወስኗል።

አቶ ገላው፣ "እና እኔ አልመጣሁም?" ብለው፣ እንዳልመጡ ሲረጋገጥላቸው ኪሳቸውን በፒካን ሞልተው ሄደዋል። እንጦጦ ላይ በቆረጡት ባሕር ዛፍ ቦታ ሊተክሉት እንደሆነ ተናግረዋል። አቶ ኢዶሳ ከገቡ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ሳቃቸው ከመጋዙ ይበልጣል። ጸሐፊዋ በጣም ደስ ብሏታል። ይህ በቃለ ጉባኤ አይጻፍም፤ ስብሰባው ስላልነበረ ግን ተጽፏል።

ያልተካሄደው ስብሰባ ከቀኑ 11፡20 ተዘግቷል። ከ"ሀ" ሳህን የተረፈችው አንዲት ኩኪስ በአባሪነት ከዚህ ቃለ ጉባኤ ጋር እንድትያያዝ ሰብሳቢው አዘዋል። ኩኪሷ የጾም ናት፤ ጸሐፊዋም ጿሚ ናት። ቃለ ጉባኤው አባሪ የለውም።

ሁሉም ሲበተን ንፋስ መጥቶ አንድ ፍሬ ቪትዙ ጣራ ላይ ወድቋል። ጧ! አቶ ግሩም ወደ መኪናው ሄደው፣ ፍሬውን አንሥተው፣ ግራና ቀኝ አይተው አቶ ኢዶሳ እጅ ላይ አስቀምጠውታል።